ሙሉው መጽሐፍ ይዳኘን

ከአዳማም፣ ከሞጆም፣ ከመቂም፣ ከባቱም፣ ከሻሸመኔም መጥታችሁ በአንድ አዳራሽ ተቀምጣችኋል። ከመካከላችሁ የተዋሕዶ ልጆች አላችሁ፤ ወንጌላውያን አላችሁ፤ ካቶሊኮች አላችሁ። በብዙ ነገር ብንለያይም መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ቃል ነው በሚለው አንለያይም። ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ መጽሐፍ ነው።

በእነዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የማይከራከር የለም። በሻይ ቤት፣ በሚኒባስ፣ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ይወራል። አንዱ «መጽሐፉ ተበርዟል» ይላል። ሌላው «መጻሕፍቱ 66 ናቸው ወይስ 81?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው መጽሐፉን ሳይገልጥ «ጌታ ዛሬ ተናግሮኛል» ይልና ሺህ ሰው ያስነሣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። የመጀመሪያው፣ ይህ መጽሐፍ የሚታመን ነው ወይ? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ ላይ ሥልጣን አለው ወይ? የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ሊቃውንት ይመረምሩታል፤ ብራና ይቆጠራል፣ ድንጋይ ይነበባል፣ ዘመን ይሰላል። ሁለተኛውን ግን እያንዳንዳችን በኑሯችን እንመልሰዋለን። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ለታማኝነቱ ብዙ እንከራከራለን፤ ሥልጣኑ ወደ ራሳችን ሲዞር ግን እናፈገፍጋለን። መጽሐፍ ቅዱስ በእኛ ላይ ሥልጣን የሚኖረው ሙሉውን ስናነበውና ሙሉው ሲዳኘን ብቻ ነው።

ከታማኝነቱ ልጀምር፤ ከቅርባችንም ልነሣ። ባቱ ከተማ ዳር ያለውን የዝዋይ ሐይቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሐይቁ ላይ የዘይ ሕዝብ የሚኖርባቸው ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ የደብረ ጽዮን ገዳምም እዚያ ነው። በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ እንደመጡ የደሴቱ ሰዎች ይተርካሉ። ይህ ትውፊት ነው፤ እኔም እንደ ትውፊት ነው የምነግራችሁ። በእጅ የሚዳሰሰው ግን ካህናቱ ጠብቀው ለዛሬ ያደረሷቸው የብራና መጻሕፍት ናቸው። አንድ ብራና እንዲዘጋጅ ቆዳ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይደርቃል፣ ይሰመራል። ጸሐፊው በመቃ ብርዕ፣ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳት ስሞች እያደረገ ፊደል በፊደል ይገለብጣል። ለአንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ያልቃል። በውኃ በተከበበ ደሴት ላይ ይህን ያህል ዋጋ ከፍሎ መጽሐፍ የሚጠብቅ ሕዝብ፣ የያዘውን ነገር ክብደት ያውቃል።

ወደ ሰሜን ብንሄድ ደግሞ ከዓድዋ አጠገብ ያለውን የአባ ገሪማን ገዳም እናገኛለን። የገሪማ ወንጌላት የሚባሉት የብራና መጻሕፍት እዚያ ይጠበቃሉ። በኦክስፎርድ በተደረገው የካርቦን ምርመራ አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ390 እስከ 570 ባለው ጊዜ፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። በዓለም ላይ በሥዕል አጊጠው እስከ ዛሬ ከቆዩት የወንጌል መጻሕፍት እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት መካከል ናቸው። አባቶቻችን ወንጌልን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የመለሱት ብዙ የአውሮፓ ሕዝቦች ፊደል እንኳ ሳይኖራቸው ነው።

«ገልባጭ ሁሉ ይሳሳታል፤ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ስንት ነገር ተለውጦ ይሆን?» የሚል ጥያቄ እዚህ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከሁለት ግኝቶች እንውሰድ።

እ.ኤ.አ. በ1947 አካባቢ በሙት ባሕር ዳርቻ፣ በቁምራን ዋሻዎች፣ የበግ እረኞች ጥንታዊ ጥቅልሎችን አገኙ። ከእነርሱ አንዱ የትንቢተ ኢሳይያስ ሙሉ ጥቅልል ነው፤ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት 100 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በፊት በእጅ የነበሩት ሙሉ የዕብራይስጥ ቅጂዎች በእድሜ ከእርሱ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ያንሳሉ። ሊቃውንት ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያዩአቸው። በፊደል አጻጻፍና በአንዳንድ ቃላት ብዙ ልዩነት አገኙ፤ መጽሐፉ ግን ያው ኢሳይያስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ሲያነበው የነበረውን ኢሳይያስ እኛም ዛሬ እናነበዋለን ስንል በማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ለእኛ የበለጠ ቅርብ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ሲወስድ፣ በዚያ አህጉር መጽሐፉ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖት ነበር። በኋላ በቁምራን ዋሻ የዚሁ መጽሐፍ ቁርጥራጮች በአራማይክ ቋንቋ ተገኙ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1976 ታተመ። የኢትዮጵያ ጸሐፍት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረን መጽሐፍ ይዘው እንደቆዩ ዓለም ያኔ አረጋገጠ። አሁን ግን በጥንቃቄ እንለይ። ይህ ግኝት የገልባጮቻችንን ታማኝነት ያስረዳል፤ ሄኖክ ለክርስቲያን ሁሉ የእምነት መለኪያ መሆን አለበት ወይ የሚለውን ግን አይፈታም። ተዋሕዶ 81 ስትል ሄኖክንና ኩፋሌን ጨምራ የተቀበለችውን ቅዱስ ውርስ ትጠብቃለች። ወንጌላውያን 66 ሲሉ በብሉይ ኪዳን የአይሁድን የመጻሕፍት ዝርዝር ይከተላሉ። ካቶሊኮች 73 ይላሉ። የአዲስ ኪዳን 27 መጻሕፍት ግን በሦስቱም ዘንድ አሉ፤ አራቱ ወንጌላት የሁላችንም ናቸው። ወንጌላዊው ወንድሜ የሄኖክን ብራና ይናቅ አልልም፤ የተዋሕዶ እህቴም 66 የሚያነበውን ሰው መጽሐፍ አልባ ትበለው አልልም። የምንጋራው ለመዳናችንም ለመፋረጃችንም ይበቃል።

ስለ ልዩነቶቹም ሳንደብቅ እንናገር፤ እውነት በመደበቅ አይጠበቅምና። የማርቆስ ወንጌል የመጨረሻ 12 ቁጥሮች ሲና ኮዴክስና ቫቲካን ኮዴክስ በሚባሉት በ4ኛው መቶ ዓመት ቅጂዎች ውስጥ የሉም። በዮሐንስ ምዕራፍ 8 መጀመሪያ የምናነበው በዝሙት የተያዘችው ሴት ታሪክ በብዙ ጥንታውያን ቅጂዎች አይገኝም። ይህን የነገሩን የእምነቱ ጠላቶች ብቻ አይደሉም፤ ክርስቲያን ሊቃውንት መርምረው፣ በአንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች ግርጌ ላይ በግልጽ ጽፈውታል። ከአምስት ሺህ በላይ የአዲስ ኪዳን የግሪክኛ ቅጂዎች ተቆጥረዋል፤ ልዩነት የሚታወቀውም ቅጂዎቹ ብዙ ስለሆኑና እርስ በርስ ስለሚመሳከሩ ነው። አንድ ንጉሥ ሁሉንም ሰብስቦ አቃጥሎ አንድ ብቻ ቢያስቀር ኖሮ ልዩነት ባልታየ፤ እምነታችን ግን ያኔ በንጉሡ ላይ በወደቀ ነበር።

ለታሪኩም ድንጋይ ይመሰክርለታል። በጸሎተ ሃይማኖት ስሙን የምንጠራው ጴንጤናዊ ጲላጦስ ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1961 በቂሣርያ ተገኝቷል። በሐዋርያት ሥራ 18 ጳውሎስ የቀረበበት አገረ ገዥ ጋልዮስ በዴልፊ በተገኘ ጽሑፍ ተጠቅሷል፤ የጳውሎስን የቆሮንቶስ ቆይታ ዘመን የምናሰላው በእርሱ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክትም ከስቅለቱ ሃያ አምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ የተጻፈ ነው። ትንሣኤውን ካዩት ብዙዎቹ ገና በሕይወት እንዳሉ በምዕራፍ 15 ይናገራል፤ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር ማለት ነው። ድንጋይ ጲላጦስ እንደነበረ ያስረዳል፤ ክርስቶስ መነሣቱን ግን ድንጋይ አያስረዳም፤ ያን የምንቀበለው የምስክሮቹን ቃል አምነን ነው። ይህን ወሰን የሚያውቅ ሰው በሳይንስ ስም ከልኩ በላይ አይፎክርም፤ ጥያቄ ሲመጣበትም አይደነግጥም።

መጽሐፉ ወደ ቋንቋችን የመጣበት መንገድም የታማኞች ሥራ ነው። የጎጃሙ ተወላጅ አቡ ሩሚ በካይሮ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ደ ሼርቪል ጋር ተቀምጦ፣ ለአሥር ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ በራቸውን ዘግተው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ፤ ሥራው 9,539 ገጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1820 የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ በ1840 ሙሉው ታተመ። አቡ ሩሚ ግን በወረርሽኝ ሞቶ ሕትመቱን አላየም። ለኦሮሞ ሕዝብ ደግሞ አናሲሞስ ነሲብ ተነሣ። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ በባርነት ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ ሲጠመቅም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የተማለደለትን ባሪያ ስም ወሰደ። እርሱና እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ደክመው አዲስ ኪዳንን በ1893፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳተሙ። ዛሬ በአዳማ ገበያ የምትነግድ እናት በቋንቋዋ ወንጌል ብታነብ፣ በባርነት የተሸጡ ሁለት ሰዎች ከፍለውላታል።

እንግዲህ መጽሐፉ በታማኝ እጆች ደርሶናል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም፦ ከደረሰን በኋላ ምን አደረግንበት?

የዚህችን የአዳማን፣ በቀድሞ ስሟ የናዝሬትን፣ ታሪክ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ የሜኖናይት ተራድኦ ሠራተኞች ወደዚህ መጥተው የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ በ1959 የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ የጀመሩ የከተማዋ ተማሪዎች ነበሩ። ለቋንቋ ያነበቡት መጽሐፍ ያዛቸው፤ ንባቡ ጸሎት ሆነ፤ «የሰማይ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ከዚያ ተወለደ። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ከሜኖናይቶቹ ሥራ የተነሣችውን የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን ለዓመታት አሰረ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መጽሐፉን ማንበብ ቀጠሉ። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት፣ ደርግ ሲወድቅ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። በዚያ ዘመን መድረክ የለም፤ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ታዋቂ ሰባኪ የለም። የነበረው መጽሐፉና በሹክሹክታ የሚያነቡት ሰዎች ናቸው። መከራው የአንድ ወገን ብቻም አልነበረም፤ በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም፣ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው መንግሥት ተገድለዋል። በዚያ ዘመን መጽሐፉ ሥልጣን አለው ማለት በአንገት ላይ የሚመጣ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ሻሸመኔ ልውሰዳችሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት በውጭ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች እዚያ መሬት ሰጡ። ከጃማይካና ከሌሎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ራስ ተፈሪያውያን ስለ ኢትዮጵያ በመዝሙር 68 የተጻፈውን እያነበቡ መጡ። የእምነታቸውን ትምህርት እኔ አልቀበልም፤ የአባቶቻቸውን ታሪክ ግን ክርስቲያን ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1807 ለንደን ላይ፣ በእንግሊዝ ካሪቢያን ደሴቶች ላሉ ባሪያዎች ተብሎ የተመረጡ ክፍሎች ብቻ ያሉት መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው ወጥቷል፤ ከአዲስ ኪዳንም ግማሽ ያህሉ ወጥቷል። እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ የለበትም። ባሪያ ለጌታው እንዲታዘዝ የሚያስተምሩ ክፍሎች ግን ሳይወጡ ቀርተዋል።

አስቡት፤ ያን ቅጂ ያዘጋጁት ሰዎች «መጽሐፉ ውሸት ነው» አላሉም። ያከብሩት ነበር፤ እሑድ እሑድም ያነቡት ነበር። ግን ሙሉው ቢነበብ በእነርሱ ላይ እንደሚፈርድ አውቀዋል። ስለዚህ ቆረጡት። መጽሐፉን የካደ ሰው ቢያንስ ግልጽ ነው፤ ቆርጦ የሚያነበው ግን የእግዚአብሔርን ቃል ለራሱ ጥቅም አሽከር ያደርገዋል።

ወገኖቼ፣ እኛስ? መቀስ አልያዝንም፤ እንቆርጣለን ግን። በየከተማችን ግድግዳ ላይ የጉባኤ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «ነቢይ»፣ «ሐዋርያ» የሚል ማዕረግ በትልቁ ተጽፏል። በመድረኩ ላይ ስለ ዘር ገንዘብ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ውጭ አገር ጉዞ ይነገራል። የበረከቱ ጥቅስ ይነበባል፤ ከእርሱ በላይና በታች ያለው ስለ ፍትሕ፣ ስለ ድኻ አደግ፣ ስለ መስቀል የተጻፈው ይዘለላል። ኦሪት ዘዳግም 18 ትንቢቱ ያልተፈጸመለትን ነቢይ እንዳንፈራ ያዝዛል፤ ይህ ክፍል በትንቢት ምሽት ሲነበብ ሰምታችኋል? በቤርያ የነበሩ ሰዎች ጳውሎስ የተናገረውን እንኳ በየዕለቱ ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ እንደነበር በሐዋርያት ሥራ 17 ተጽፏል፤ ሉቃስም ስለዚህ አመስግኗቸዋል። ጳውሎስ ከተመረመረ የዛሬው ነቢይ የማይመረመርበት ምክንያት የለም።

በተዋሕዶ ወገንም ሌላ ዓይነት መቁረጥ አለ። መጽሐፉን እንሳለማለን፤ ትራስ ሥር እናኖረዋለን፤ በሕመምተኛ ላይ እናደርገዋለን፤ ግን አናነበውም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይህ ነው። አባቶቻችን ግን በጎንደር የጉባኤ ቤት የብሉዩንና የሐዲሱን ንባብ ከነአንድምታው ዓመታት ደክመው የሚማሩት፣ ከሁሉ በፊት ንባቡ እንዲከበር ነው። መጀመሪያ ንባቡ ይባላል፤ ከዚያ ትርጓሜው ይከተላል፤ «አንድም» እያለ የሚሰፋው በንባቡ ላይ ቆሞ ነው። መምህሩ ራሱ በንባቡ ሥር ነው። ይህን ሥርዓት ለምእመኑ ማድረስ የዛሬ ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ዕዳ ነው።

ሁላችንን የሚነካ ሦስተኛ መቁረጥም አለ፤ ይህን ሳልናገር ብወርድ እጸጸታለሁ። በአገራችን ደም በሚፈስበት በዚህ ዘመን፣ ጠላትን ስለ መውደድ በማቴዎስ 5 የተጻፈውን፣ መጻተኛን ስለ መቀበል በኦሪት የታዘዘውን፣ በወገናችን ላይ ሲሆን እንጠቅሰዋለን፤ በሌላው ላይ ሲሆን እናልፈዋለን። ሰዎች የጎረቤቱን ቤት በብሔሩ ምክንያት ሲያቃጥሉ ዝም ያለ ክርስቲያን፣ መጽሐፍ ቅዱስ አይሳሳትም ብሎ ሌሊቱን ሲከራከር ቢያድር ምን ይጠቅመዋል? የመሬት ውል ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው የሚጠቅመውን መስመር ብቻ ቢያነብ ዳኛው ሙሉውን አምጣ ይለዋል። እግዚአብሔርም እንዲሁ ይጠይቀናል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ እንዲህ እለምናችኋለሁ። አንድ ወንጌል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ ከቤተሰባችሁ ጋር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ደስ የሚላችሁን ቁጥር ከማስመራችሁ በፊት የሚከብዳችሁን አስምሩ። ሰባኪ ሲጠቅስላችሁ ምዕራፉን ጠይቁ፤ ከበላዩና ከበታቹ ያለውን አንብቡ። ማንም ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ቢሆን፣ ዛሬ የተናገርኳችሁን እኔንም ጨምሮ፣ ከመጽሐፉ በላይ አይቁም። ስለ ብራናውና ስለ ቅጂው ልጆቻችሁ ሲጠይቁ አትቆጧቸው፤ መልስ አለ፤ አብራችሁ ፈልጉ። ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፉ «አይሆንም» ሲላችሁ እሺ በሉት። የመጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን የሚታወቀው ስንከራከርለት ሳይሆን ስንታዘዘው ነው። እግዚአብሔር ቃሉን የሚሰማና የሚታዘዝ ልብ ይስጠን።